ፕላስቲክ ሲቆረጥ ስለሚወጣው ጢስ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከጽሕፈት ቤት ሥራ የሚተርፈውን ሰዓት በእጅ ሥራ ማሳለፍ ለአእምሮ ዕረፍት፥ ለቤትም በረከት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ሳምንቱን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ሲታገል የሰነበተ ሰው ቅዳሜ ረፋድ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ አንድ መደርደሪያ ቢያቆም፥ አንድ የችግኝ ማፍያ ቢሠራ፥ ለልጁም አንዲት ትንሽ መኪና ቢያበጅለት፥ በገንዘብ የማይገዛ ደስታ ያገኛል። ይህን ልማድ የሚነቅፍ የለም፤ እኔም አልነቅፍም። ነገር ግን ቀድሞ የእጅ ሥራ የሚሠራበት ዕቃ እንጨትና ቆዳ፥ ቀርከሃና ሸክላ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን የሚገባው ፕላስቲክ ነው። ያረጀው ጀሪካን ተቆርጦ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል፤ የውሃው ቧንቧ ለሁለት ተሰንጥቆ የጣራ አሸንዳ ይሆናል፤ ልጆቻችንም ከጠርሙስ ክዳን ጎማ እያወጡ መኪና ይሠራሉ። ዕቃው ሲለወጥ ግን የአሠራራችን ልማድ አብሮ አልተለወጠም። ፕላስቲኩን ለመቁረጥ ስንፈልግ ቢላዋውን ወይም ምስማሩን ከከሰል ላይ አግለን እንወጋዋለን። ያን ጊዜ የሚወጣው ጢስ ነው ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ።

ይህን ለመናገር የተነሣሁት ከመጻሕፍት አንብቤ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤቴ ከደረሰው ነገር በመነሣት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ተመድቤ በሐሙሲት እኖር ነበር። ሐሙሲትን የማያውቅ ቢኖር፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ወረታ ከመደረሱ በፊት የምትገኝ፥ ስሟም ሐሙስን የሚያስታውስ ከተማ ናት። ወደ ወረታ ሲጓዙ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። በክረምት ጉማራና ርብ እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ሩዙም በዚያው ርጥበት ይበቅላል። በበጋ ደግሞ ገበሬው በሞተር ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ስለዚህ በዚያ አገር ፕላስቲክ የሌለበት ቤት አይገኝም፤ የውሃው መሳቢያ፥ የነዳጁ መያዣ፥ የተባይ ማጥፊያው ዕቃ ሁሉ ፕላስቲክ ነው።

በሐምሌ ወር አንድ እሑድ፥ ከጣራዬ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ለማጠራቀም ዐሰብሁና፥ ከገበያ የገዛሁትን የፒ ቪ ሲ ቧንቧ ለሁለት ሰንጥቄ አሸንዳ ለማድረግ ተነሣሁ። ዝናቡ ስለ በረታ ሥራውን ወደ ሳሎን አስገባሁት፤ ብርድ እንዳይገባም መስኮቱን ዘጋሁት። ረጅሙን የወጥ ቤት ቢላዋ በከሰል ምድጃ ላይ እስኪቀላ አግዬ በቧንቧው ላይ ሳሳርፈው እንደ ቅቤ ሰነጠቀው። በብልሃቴም እጅግ ተደሰትሁ። ነጭ ጢስ ይወጣ ነበር፤ መጀመሪያ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ፥ ዐይኔንም አስለቀሰኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሽታው የጠፋ መስሎ ስለ ታየኝ ሥራዬን ቀጠልሁ።

የአራት ዓመት ልጄ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ድንገት ሳል ጀመራት፤ ሳሉም አልቆም አለ፤ ዐይኖቿም ደም መሰሉ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጥታ ልጅቷን በነጠላዋ ጠቀለለቻትና፥ «አንተ ሰው፥ ለአሸንዳ ብለህ ልጄን ልትገድልብኝ ነው?» ብላ ዝናቡ እየወረደ ወደ ውጭ ይዛት ወጣች። እኔም ጢሱን ያየሁት ያን ጊዜ፥ ከደጅ ቆሜ ወደ ቤቴ ስመለከት ነው። ክፍሉ ከጣራ እስከ ወለል ጉም ሞልቶት ነበር። ልጄን ሌሊቱን ሲያስላት አደረ፤ እኔም በአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሿን ስቈጥር አደርሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በማግሥቱ ተሻላት። ነገር ግን ያን ሌሊት ልረሳው አልቻልሁም።

በሳምንቱ በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን መቀስ ባነሣው ዝጎ አገኘሁት። ውሃ ያልነካው ብረት በአንድ ሳምንት እንዴት ይዝጋል? ብዬ ስጠይቅና ስመረምር ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ፒ ቪ ሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከመቶ እጅ ሃምሳ ሰባቱ ያህል ክብደቱ ክሎሪን ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ክሎሪን ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋዙም ርጥበት ባገኘ ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። በመቀሱ ላይ ርጥበት አግኝቶ ብረቱን አዛገው፤ በልጄ ዐይንና ጉሮሮ ደግሞ ከእንባዋና ከምራቋ ጋር ተገናኝቶ አቃጠላት። ብረትን የሚበላ ነገር ለሕፃን ሳንባ ምን ያህል እንደሚከብድ ልትገምቱት ትችላላችሁ።

እንግዲህ «ፕላስቲክ ሲቆረጥ መጤስ ተፈጥሮው ነውን?» ብለን እንጠይቅ። አይደለም። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን የሚባለው ፕላስቲክ የሚቀልጠው በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ብረት ግን በጨለማ ውስጥ መቅላት የሚጀምረው በ525 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ጆን ድሬፐር የተባለው ሊቅ በ1847 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገልጾታል። ከከሰል ላይ ቀልቶ የወጣው ቢላዋ እንግዲህ ጀሪካኑን ለማቅለጥ ከሚበቃው ሙቀት በብዙ ያለፈ ሙቀት ተሸክሟል። ያ ትርፍ ሙቀት ፕላስቲኩን ከማቅለጥ አልፎ ያቃጥለዋል፤ አንድ ሆኖ የተሳሰረውንም ነገር እየበጣጠሰ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ስለዚህ በሥራችሁ መካከል የፕላስቲክ ሽታ በመጣ ጊዜ፥ መቁረጥ ትታችሁ ማቃጠል መጀመራችሁን ዕወቁ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከንግግሬ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።

የጢሱ ክፋት እንደ ፕላስቲኩ ዓይነት ይለያያል። ጀሪካንና የጠርሙስ ክዳን የሚሠሩበት ፕላስቲክ ሲቃጠል እንደ ጠፋ ሻማ ይሸታል፤ ከሌሎቹ ይሻላል ቢባልም ዐይንና ጉሮሮ ያስቆጣል። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማሸጊያ የሆነው ነጩ ፎም ስታይሪን የሚባል፥ ራስ የሚያዞር ትነት ይሰጣል። በጠረጴዛችን ላይ ስማችንና ማዕረጋችን የሚጻፍበት፥ መስተዋት የሚመስለው ፕሌክሲግላስ ደግሞ ሲግል ኃይለኛ ሽታ ያለውና መተንፈሻን የሚያስቆጣ ትነት ያወጣል። የፍራሽ ስፖንጅ ከተቃጠለ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በጢሱ ውስጥ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባለው ብርቱ መርዝ አለበትና። ስለዚህ ስፖንጅ በስለት እንጂ በፍጹም በጋለ ነገር አይቆረጥም።

ዓይነቱን ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። ከ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በብዙ የፕላስቲክ ዕቃዎች ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትና በመካከሉ ቁጥር ይታተማል። 2 እና 4 ቁጥር ፖሊኤቲሊን፥ 3 ቁጥር ፒ ቪ ሲ፥ 5 ቁጥር ፖሊፕሮፒሊን፥ 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው። ምልክት የሌለው ጠንካራ ቁራጭ ሲገኝ በውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ፥ ፒ ቪ ሲና ፕሌክሲግላስ ይሰጥማሉ። አንዳንዶች ዓይነቱን ለማወቅ ጫፉን አቃጥለው ያሸትታሉ፤ ይህ መርዝ መሆኑን ለማወቅ መርዙን እንደ መቅመስ ያለ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ፥ «በአንድ ቀን ጢስ ማን ሞተ? ይህ የፈሪ ወሬ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን በሌላ አገር የደረሰ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ በትላልቅ የምግብ መደብሮች ውስጥ ሥጋ በስስ ፕላስቲክ እየጠቀለሉ የሚሸጡ ሠራተኞች ነበሩ። ፕላስቲኩ ፒ ቪ ሲ ሲሆን፥ የሚቆርጡትም በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ነበር። ከአንዱ ቁራጭ የሚወጣው ጢስ በዐይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ጥቂት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ደረታቸው የሚጨነቅ፥ የሚያስላቸውና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ተገኙ፤ በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐኪሞች ነገሩን «የሥጋ ጠቅላዮች አስም» ብለው በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ቆየት ብሎም የፕላስቲኩ ጢስ ብቻ ሳይሆን፥ በዋጋ መለጠፊያው ወረቀት ላይ ያለው ሙጫ ሲሞቅ የሚወጣው ትነት እንደሚጨመርበት ታወቀ። እንግዲህ ጥቂት የሆነው ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ትንፋሽን እስከ መንሣት መድረሱን ከዚህ እንረዳለን። ብልህ ከሰው ስሕተት ይማራል፤ ሞኝ ግን ከራሱ እንደሚባለው፥ እኔ ከራሴ ተምሬአለሁ፤ እናንተ ከእኔ ተማሩ።

አሁን ወደ መፍትሔው እንመለስ። ከዚያ ክፉ ሌሊት በኋላ የውሃ መሳቢያ ሞተር በመጠገን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ወሬውን ሰምተው ሊጠይቁን መጡ። የተሰነጠቀውን ቧንቧ አገላብጠው አይተው፥ «ልጄ፥ ፕላስቲክ በጥርስ ይቆረጣል እንጂ በእሳት አይቆረጥም» አሉና ሰጌቶ የሚባለውን የብረት መጋዝ አምጥተው አሳዩኝ። መጋዙ እጀታው እየከለከለው ረጅም ቧንቧ ለመሰንጠቅ ባይመች፥ ምላጩን ከእጀታው አውጥቶ ጫፉን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ይቻላል። ቧንቧውን ሰው እየያዘ ከሚያወዛውዘው ይልቅ በሞርሳ ማሰር ወይም በሁለት እንጨት መካከል ማጣበቅ ይሻላል። መጋዙንም ቀስ አድርጎ መግፋት ነው፤ በኃይል ያጣደፉት መጋዝ ራሱ ይግላልና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ሥራ በትክክል ይሆናል።

ለሌሎቹም ሥራዎች እንዲሁ ቀዝቃዛ መንገድ አላቸው። ለጀሪካን ስለታም ቢላዋ ወይም ጠንካራ መቀስ ይበቃል። ለመብሳት ሲያስፈልግ ከበስተኋላው እንጨት አስደግፎ በቀዝቃዛ ምስማር መምታት ወይም በእጅ መሰርሰሪያ መብሳት ነው። ስስ ፕሌክሲግላስ ከሆነ በማስመሪያ እየተመሩ በስለት ደጋግሞ መጫር፥ ከዚያም ጭረቱን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ ጫን ሲሉት ቀጥ ብሎ ይሰበራል፤ አንዲት ጢስ እንኳ አይወጣም። በኤሌክትሪክ መጋዝ የሚሠራ ሰው ፍጥነቱን ዝቅ ያድርግ፤ በጥርሱ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ ሲጣበቅ ካየ ያቁም፥ መጋዙም እስኪቀዘቅዝ ይታገሥ። ዱቄቱንም በመጥረጊያ ከማቡነን በርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ቧንቧ ማጉበጥ ያስፈለገው ሰውም እሳት አያስፈልገውም። ፒ ቪ ሲ በ80 ዲግሪ ገደማ መለስለስ ይጀምራል። የጣና ሐይቅ ዙሪያ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ስስ ቧንቧ ለማለስለስ ይበቃል፤ ለማቃጠል ግን ፈጽሞ አይደርስም። የፈላ ውሃ ከልኩ የማያልፍ እሳት ነው ማለት ይቻላል።

ያለ ሙቀት የማይሆን ሥራ ቢያጋጥም ደግሞ ሦስት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፥ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ነፋሱም ጢሱን ከፊታችን አርቆ ወደ ጎን እንዲወስደው ሆነን እንቁም። የግድ በቤት ከሆነ በርና መስኮት ፊት ለፊት ይከፈቱ፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያለውም ጢሱን በመስኮት ወደ ውጭ እንዲገፋ አድርጎ ያቁመው እንጂ በክፍሉ ውስጥ አያማስለው። ሁለተኛ፥ ሕፃናት፥ ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው ከዚያ ይራቁ። ሦስተኛ፥ በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ አይነድ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላልና። እኔ በዚያ እሑድ ሁለቱን አደጋ በአንድ ክፍል ማግባቴን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አፍ መሸፈኛ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ነጠላም ሆነ ተራ የአፍ ጭምብል ጋዝን አያስቀርም። አቧራ ለመከላከል የተሠራውም ጭምብል ዱቄቱን ይከለክላል እንጂ ጋዙን ያሳልፈዋል። ለጋዝ የሚሆነው ለዚያው ለጋዙ ዓይነት ተብሎ የተዘጋጀ ማጣሪያ ያለው ብቻ ነው። አፍንጫችንንም ዳኛ አናድርገው። በእኔ እንደ ደረሰው፥ አፍንጫ ሽታን ቶሎ ይለምዳል፤ ሽታው ጠፋ ማለትም ጢሱ ጠፋ ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ላስጠነቅቃችሁ የምወደው ቀድሞ ምን እንደ ያዘ ያልታወቀ ጀሪካን በጋለ ብረት እንዳይነካ ነው። በፎገራ እንደምናየው አንዱ ጀሪካን የሞተሩን ቤንዚን፥ ሌላው የተባይ ማጥፊያውን መድኃኒት ይዞ የቆየ ነው። ቤንዚን የነበረበት ባዶ ጀሪካን በትነት የተሞላ ስለ ሆነ፥ የጋለ ምስማር ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። የመድኃኒት ዕቃ ደግሞ ቢታጠብም ቅሪቱ ከፕላስቲኩ አይለቅምና፥ የዶሮ መጠጫም ሆነ የልጅ መጫወቻ ሊደረግ አይገባውም።

ቁርጥራጩንም ወደ ምድጃ መጣል ክፉ ልማድ ነው። በየቤታችን ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል የምናነድድ ብዙዎች ነን። ያው ጢስ በማድ ቤት ካለችው ሴት ፊት ላይ ያርፋል፤ ቡናውም በዚያው ላይ ይፈላል። አንዳንዱ፥ «እናቶቻችን በጢስ ቤት ኖረው ምን ሆኑ?» ይላል። በእንጨት ጢስ ዐይናቸው የደከመ፥ ደረታቸውም የታመመ እናቶች እንዳሉ ግን ይዘነጋል። ከቆየው ጢስ ላይ አዲስ ጢስ መጨመር ብልሃት አይደለም።

ጢሱ የደረሰበት ሰው ቢኖር፥ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ዐይኑንም በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሳሉ የማያቆም፥ ደረቱም የሚጨነቅ ከሆነ «ያልፍልኛል» ብሎ አይቀመጥ፤ አንዳንዱ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ይገለጣልና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደ ተቃጠለም ለሐኪሙ ይናገር። እኔ ልጄን በዚያ ሌሊት ይዤ አለመሄዴ ሌላው ስሕተቴ ነበር።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሠፈሩ ዘንድ የሚታይ ሰው ነው። እርሱ ጀሪካን በጋለ ቢላዋ ሲቆርጥ ያየ ጎረቤት፥ የተማረው ሰው ያደረገው ነው ብሎ ይከተለዋል፤ በሰጌቶ ሲቆርጥ ያየውም እንዲሁ ይከተለዋል። ስለዚህ የምንሠራው ለራሳችን ቤት ብቻ አይደለም።

የሐሙሲቱን አሸንዳ በመጨረሻ በሽማግሌው መጋዝ ሠራሁት። በእሳት አንድ እሑድ ይበቃዋል ያልሁት ሥራ በመጋዝ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ልጄም ከአጠገቤ ተቀምጣ ከመጋዙ የሚወርደውን ነጭ ሰጋቱራ በርጥብ ጨርቅ ትጠርግልኝ ነበር፤ አንድ ጊዜም አላሳላትም። ሦስቱ ቅዳሜ ከዚያች አንዲት ሌሊት ጋር ሲመዛዘኑ ሦስቱ ቅዳሜ እጅግ አጭር ነበሩ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ብለው አባቶቻችን የተናገሩትን እያሰባችሁ፥ በመጪው የዕረፍት ቀን መጋዛችሁን አንሡ፥ መስኮታችሁንም ክፈቱ።